ቪዲዮው ሲቆራረጥ ሁልጊዜ «ኔት ነው» አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሳሎን ውስጥ ቪዲዮ በተቆራረጠ ቁጥር «ኔት ነው» ማለት ልማድ ሆኗል። ቪዲዮው የሚመጣው እዚያው ቤት ካለ ኮምፒዩተር ወይም ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን ኢንተርኔት በነገሩ ውስጥ የለበትም፤ የውጭው መስመር ተነቅሎም ይጫወታል። ይህን ባለመለየት ሰው ፓኬጅ ያሳድጋል፣ ራውተር ይቀይራል፣ ደህናውን ቲቪ በርካሽ ሸጦ ሌላ ይገዛል። ከዚያ ያው የሠርግ ቪዲዮ አዲሱ ቲቪ ላይም ይቆማል። ደብዳቤዬ ሁለት ጉዳይ አለው። አንደኛው ብልሽቱ የት እንዳለ ብር ሳይወጣ እንዴት እንደሚለይ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ለሚቀርጹ ስቱዲዮዎች የማቀርበው ጥያቄ ነው፤ ብዙው ችግር የሚጀምረው ቪዲዮው ቤት ሳይደርስ ነውና።

የማወራው እንዲህ ስላለ ቤት ነው፦ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ከጎኑ 1 ወይም 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ፣ ላፕቶፑ ላይ ቪዲዮውን ለቲቪው የሚያቀርብ ጄሊፊን ወይም ፕሌክስ የሚባል ፕሮግራም፣ መሃል ላይ ራውተር፣ ሳሎን ደግሞ ስማርት ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቦክስ። ጄሊፊን እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ኤምቢ ከተባለው ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ቀንም ሥራውን አያቋርጥም። ፕሌክስም ደህና ነው፤ ነገር ግን በግራፊክስ ቺፕ ቪዲዮ የመቀየር አገልግሎቱ በክፍያ ስለሆነ ለእኛ አገር ቤት ጄሊፊንን አስቀድማለሁ።

አሁን ወደ ምርመራው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ቪዲዮው የሚቆመው ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ በየቦታው የሚለው ነው። 37ኛው ደቂቃ ላይ ከቆመ በኋላ ወደ ኋላ መልሰው ሲያጫውቱት እንደገና እዚያው ከቆመ ዋይፋዩን ይተዉት። ወይ ፋይሉ ሲገለበጥ ተበላሽቷል፣ ወይ ሃርድ ዲስኩ እዚያ ቦታ ላይ ማንበብ አቅቶታል። ለመለየት ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡት። ግልበጣው መሃል ላይ ከተንቀራፈፈ ወይም ስህተት አሳይቶ ካቋረጠ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። ሳይቸገር አልቆ ቅጂውም 37ኛው ደቂቃ ላይ ከቆመ ግን ፋይሉ ራሱ ታሟል፤ ከምንጩ እንደገና ከመቀበል ሌላ መድኃኒት የለውም። መቆሙ አንዴ በ5ኛው፣ አንዴ በ20ኛው ደቂቃ ከሆነና ጎረቤት ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ማታ ላይ ከባሰ ነገሩ ወደ ዋይፋይ ያመለክታል። 10 ሰከንድ እየሄደ 5 ሰከንድ የሚቆም፣ ይህንንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚደጋግም ከሆነ ደግሞ ኮምፒዩተሩ የማይችለውን ሥራ ተሸክሟል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ፍላሽ ነው። ያስቸገረውን ፋይል በፍላሽ ገልብጠው ቲቪው ላይ በቀጥታ ይሰኩት። በፍላሽ ጥርት ብሎ ከተጫወተ ቲቪውም ፋይሉም ጤነኞች ናቸው፤ ችግሩ ከኮምፒዩተሩ እስከ ቲቪው ባለው መንገድ ላይ ነው። በፍላሽም ከተቆራረጠ ራውተር መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ሦስተኛውን ምርመራ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምተማመንበት እሱን ነው። ጄሊፊን ላይ ቪዲዮው እየሄደ ሳለ የቅንብሩን (ባለ ጥርስ ክብ) ምልክት ተጭነው «ፕሌይባክ ኢንፎ» የሚለውን ይክፈቱ። «ዳይሬክት ፕሌይ» ካለ ኮምፒዩተሩ ፋይሉን እንዳለ እያቀበለ ነው፤ ለዚህ የአሥር ዓመት ላፕቶፕም ይበቃል። «ትራንስኮዲንግ» ካለ ግን ኮምፒዩተሩ ቪዲዮውን እየፈታ፣ እዚያው በዚያው በሌላ ዓይነት እየቀረጸ ይልካል ማለት ነው። ተናጋሪው ሳያርፍ እየተናገረ እንደሚተረጉም አስተርጓሚ ነው፤ አንዴ ወደ ኋላ ከቀረ መድረስ አይችልም። እዚያው ላይ ኮምፒዩተሩ በሰከንድ ስንት ፍሬም (ነጠላ ምስል) እየቀየረ እንደሆነ ይጻፋል። ቪዲዮው 25 ፍሬም ሆኖ ኮምፒዩተሩ የሚያወጣው 14 ከሆነ መቆራረጡ የግድ ነው። የዓለምን ፈጣን ራውተር ቢያመጡለት 14 ያው 14 ነው።

ትራንስኮዲንግ ለምን ይጀምራል? ምክንያቱን ጄሊፊን ራሱ ይጽፈዋል፤ ማንበብ ብቻ ነው። በጣም የተለመደውና በጣም ቀላሉ አፑ ላይ ያለው የጥራት ምርጫ ነው። አንድ ሰው አንድ ቀን «3 ሜጋቢት» (በሰከንድ የሚያልፈው የመረጃ መጠን) ብሎ መርጦ ከተወው እያንዳንዱ ፊልም ወደ 3 ሜጋቢት እየተቀየረ ይመጣል። ቤት ውስጥ ለሚታይ ነገር ይህን ወደ ከፍተኛው መልሱት። ሌላው ምክንያት ቲቪው የቪዲዮውን ኮዴክ፣ ማለትም ምስሉ የተጨመቀበትን ዘዴ፣ አለማወቁ ነው። እዚህ ላይ የፋይሉ ስም ሰውን ያሳስታል። ኤምፒ4 ወይም ኤምኬቪ የሚባለው ማሸጊያው ነው፤ ውስጡ ያለው ኤች.264፣ ኤችኢቪሲ ወይም ኤቪ1 ሊሆን ይችላል። ሁለት ኤምፒ4 ፋይሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሚጫወት፣ ሌላው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ውስጡን ለማየት ሚዲያኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒዩተር ላይ ይጫኑ፤ ኮዴኩን፣ በሰከንድ የሚፈልገውን ሜጋቢት፣ የፍሬሙን ቁጥርና የድምፁን ዓይነት ዘርዝሮ ያሳያል።

ትራንስኮዲንግ ግድ ከሆነ ሥራውን ለፕሮሰሰሩ ሳይሆን ለግራፊክስ ቺፑ መስጠት ነው። ኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ይህ ኩዊክ ሲንክ ይባላል፤ ጄሊፊን ላይ ዳሽቦርድ ገብተው ፕሌይባክ ከሚለው ውስጥ ያገኙታል። ችሎታው ግን በጄኔሬሽን (በፕሮሰሰሩ ትውልድ) ይለያያል። ገበያ ላይ የሞላው 4ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ5 ኤች.264ን ይችላል፤ ኤችኢቪሲን በቺፑ መፍታት አይችልም። 6ኛው ባለ 8 ቢት (ቢቱ የቀለሙ ዝርዝር መጠን ነው) ኤችኢቪሲን፣ 7ኛው ደግሞ ባለ 10 ቢቱን ጨምሯል። ኤቪ1ን መፍታት የጀመረው 11ኛው ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከራሙ በፊት ጄኔሬሽኑን ይጠይቅ፤ 8 ጊጋ ራም ያለው 7ኛ ጄኔሬሽን፣ 16 ጊጋ ካለው 4ኛ ጄኔሬሽን ለዚህ ሥራ በብዙ ይበልጣል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ቺፑ የማይችለውን ኮዴክ ዝርዝሩ ላይ ምልክት ካደረጉበት ቪዲዮው መቆራረጥ ሳይሆን ጭራሽ አይጀምርም። ቅንብሩን ከነኩ በኋላ «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ስህተት ይላል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ትራንስኮዲንግ የሚጽፋቸው ጊዜያዊ ፋይሎችም የሲ ድራይቭን ይሞላሉ፤ ሲ ላይ 5 ጊጋ ብቻ ቀርቶ ከሆነ ረጅም ፊልም መሃል ላይ ይቆማል። ጊዜያዊ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ማህደር ሰፊ ቦታ ወዳለው ዲስክ ማዛወር ይቻላል።

አሁን አንዲት ስሌት። የፋይሉን መጠን በጊጋባይት ወስደው በ8000 ያባዙ፤ የመጣውን የቪዲዮው ርዝመት በሰከንድ ስንት እንደሆነ አስልተው ለዚያ ያካፍሉ። ውጤቱ ቪዲዮው በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚፈልግ ይነግርዎታል። 2 ሰዓት የሚፈጅ 9 ጊጋ ፊልም ይሁን። 9 በ8000 ሲባዛ 72000፤ 2 ሰዓት 7200 ሰከንድ ነውና ሲካፈል 10 ሜጋቢት። ይህ ለደህና ዋይፋይ ምንም አይደለም። አሁን የሠርጉን ቪዲዮ እንውሰድ፤ 1 ሰዓት፣ 45 ጊጋ። 45 በ8000 ሲባዛ 360000፤ ለ3600 ሲካፈል 100 ሜጋቢት። የአብዛኛው ቲቪ የኬብል መሰኪያ ጣሪያው 100 ሜጋቢት ሲሆን በተግባር የሚያሳልፈው ወደ 94 ነው። ቪዲዮው በገመድ እንኳ አይበቃውም። ከዚያም በላይ ቲቪው ራሱ ለመፍታት ጣሪያ አለው፤ ብዙ የ4ኬ ቲቪዎች ለኤች.264 የሚፈቅዱት ከ50 እስከ 60 ሜጋቢት አካባቢ ነው። ስለዚህ ያ ቪዲዮ በፍላሽ ቢሰካም ይቆራረጣል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሙሽራዋ ወደ አዳራሽ ስትገባ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ድምፁ ብቻውን ይሄዳል። እዚህ ላይ ቲቪውም ኔቱም ጥፋት የለባቸውም።

100 ሜጋቢቱ ከየት መጣ? ብዙ የሠርግ ካሜራዎች 4ኬን የሚቀርጹት በዚህ መጠን ነው። ለኤዲቲንግ ትክክለኛ መጠን ነው፤ ቀለም ለማረምና ለመቁረጥ ትርፍ መረጃ ያስፈልጋል። ስህተቱ ኤዲተሩ ጨርሶ ሲያወጣው መጠኑን እንዳለ መተዉ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንድ ካሜራ ኤች.264ን በ10 ቢት ይቀርጻል፤ ይህን አብዛኛው ቲቪ አይፈታውም፣ የብዙ ኮምፒዩተር ቺፕም አያግዝም። አንዳንድ ኤዲተር ደግሞ በፕሮሬስ አውጥቶ ይሰጣል። ፕሮሬስ 422 በ1080 መጠንና በ25 ፍሬም 122 ሜጋቢት ይወስዳል፤ የተሠራው ለኤዲቲንግ ጠረጴዛ ነው እንጂ ለሳሎን ቲቪ አይደለም።

እንዲህ ያለ ቪዲዮ እጅዎ ላይ ካለ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሚታይ ቅጂ ያውጡለት። ዋናውን ፋይል በፍጹም አይሰርዙ፤ ነገ የተሻለ ቲቪ ይመጣል፣ የሠርግ ቀን ግን አይደገምም። ፋይሉን ከፍተው «ፋስት 1080ፒ30» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ ቪዲዮ በሚለው ገጽ ላይ ሁለት ነገር የግድ ይቀየራል። የፍሬም ምርጫው 30 ላይ ተቀምጦ ያገኙታል፤ «ሴም አዝ ሶርስ» ያድርጉት፣ ከሥሩም «ኮንስታንት» የሚለውን ይምረጡ። ይህ ከተዘለለ በ50 ፍሬም የተቀረጸው እስክስታ ተዛብቶ፣ ትከሻው እየዘለለ ይወጣል። ጥራቱን 20 ላይ ያኑሩት፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱም ፋይሉም ይጨምራል። ድምፁን ኤኤሲ 192 ያድርጉት። መጨረሻ ላይ «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ የኤምፒ4ን ማውጫ ከፋይሉ መጨረሻ ወደ መጀመሪያ ያመጣዋል። ማውጫው መጨረሻ ላይ ሲሆን በኔትወርክ የሚጫወት ቪዲዮ ለመጀመር ብዙ ሊያስጠብቅ ይችላል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የ1 ሰዓት 4ኬ ቪዲዮ ለመቀየር ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ አስጀምሮ መተኛት ነው። መብራት ከጠፋ ግን ግማሹ ፋይል አይጠቅምም፤ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ ረጅሙን ቪዲዮ ከፋፍሎ መቀየር ብልህነት ነው።

ምስል ኖሮ ድምፅ ሲጠፋ ነገሩ ሌላ ነው። ከብዙ የሠርግ ካሜራዎች በቀጥታ የወጡ ፋይሎች ድምፃቸው ያልተጨመቀ ፒሲኤም ነው፤ ብዙ ቲቪ ኤምፒ4 ውስጥ ሲያገኘው ዝም ይላል። ፊልሞች ላይ ደግሞ ዲቲኤስ የሚባል የድምፅ ዓይነት አለ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን አውጥቷል፤ ኤልጂም ከ2020 እስከ 2022 በወጡት ላይ አልነበረውም። ድምፅ ብቻ መቀየር ለኮምፒዩተሩ ቀላል ስለሆነ በጄሊፊን ሲመጣ ችግር የለም፤ በፍላሽ ሲሰካ ነው ዝም የሚለው። ኮዲ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ አፕ የሚጠቀም ሰው ድምፅ ካጣ የድምፅ ቅንብር ውስጥ ገብቶ «ፓስስሩ» (ድምፁን ሳይፈታ እንዳለ የሚያሳልፍ) የሚለውን ያጥፋው። ድምፁ ከከንፈር ጋር ካልገጠመ ልዩነቱ ይታይ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከዘገየ የብሉቱዝ ስፒከሩ ወይም የሳውንድባሩ መዘግየት ነውና ቲቪው ላይ ይስተካከላል። በጀመረ ጊዜ ገጥሞ በሰዓቱ መጨረሻ 2 ሰከንድ ከራቀ ፍሬሙ የሚዋዥቅ የስልክ ቪዲዮ ሲቀየር የመጣ ነው፤ ፈውሱ ከዋናው ፋይል ተነስቶ በ«ኮንስታንት» እንደገና መቀየር ብቻ ነው።

ስለ ስልክ ካነሳን፣ አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኤችኢቪሲ ይቀርጻል፤ ከአይፎን 12 ወዲህ ደግሞ ኤችዲአር (የብርሃንና የጨለማ ልዩነቱ የሰፋ) ቪዲዮ አለው። ኤችዲአር በማያውቅ ቲቪ ላይ ይህ ቪዲዮ ፊቱ የገረጣ፣ ነጭ ነጠላው አመድ የመሰለ ሆኖ ይታያል። ለቤተሰብ የሚቀርጽ ሰው ካሜራ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ኤችዲአሩን ቢያጠፋ፣ ፎርማት በሚለው ውስጥም «ሞስት ኮምፓቲብል» ቢል ያ ሁሉ አይመጣም። ፋይሉ ይተልቃል፤ ግን ይታያል።

ዋይፋይን ባጭሩ ልለፈው። ኮምፒዩተሩ የግድ በገመድ ከራውተሩ ጋር ይገናኝ። ኮምፒዩተሩም ቲቪውም በዋይፋይ ከሆኑ ያው ፊልም በአንድ አየር ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ቲቪው ራውተሩ ባለበት ክፍል ከሆነ 5 ጊጋኸርዙን ይጠቀም። በመሃል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ወይም የኮንክሪት ወለል ካለ 5 ጊጋኸርዝ ይደክማል፤ 2.4ቱ ይደርሳል፣ ነገር ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ እዚያ ላይ ተጨናንቋል። ቻናሉን ከ1፣ 6 እና 11 አንዱ ላይ ያድርጉት፤ በመካከላቸው ያሉት ቻናሎች ከሁለቱም ጎን ይጋጫሉ። ከሁሉም የሚሻለው 20 ሜትር ካት 5ኢ ገመድ በግድግዳው ጥግ መዘርጋት ነው። ጫፉ ሲታሰር ስምንቱም ሽቦዎች ይግቡ፤ አራቱን ብቻ የሚያስሩ አሉ፣ ያ ገመድ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም።

የመብራት ነገር ለእኛ የተለየ ምዕራፍ ነው። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ኤክስፋት በሚባለው የዲስክ ፎርማት ከተሠራና እየጻፈ ሳለ መብራት ከጠፋ የፋይል ማውጫው በቀላሉ ይበላሻል፤ ኤክስፋት የጻፈውን የሚመዘግብበት ጆርናል የለውም። ቋሚ የቤት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ኤንቲኤፍኤስ፣ ሊኑክስ ላይ ኤክስት4 ይሁን። መብራት ሲመለስ የፊልሞቹ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ከታየ አይደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ለዲስኩ የሰጠው ፊደል ትናንት ኢ የነበረው ዛሬ ኤፍ ሆኖ ነው። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብተው ቋሚ ፊደል ይስጡት፤ ለምሳሌ ኤም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚጠፋና የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኃይል ነው። ዩኤስቢ 2 መሰኪያ በደንቡ 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ይሰጣል፤ አንዳንድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከ500 በላይ ይፈልጋል። አጭሩን፣ ከዲስኩ ጋር የመጣውን ገመድ ሰማያዊው (ዩኤስቢ 3) መሰኪያ ላይ ይሰኩት። ከዚያም በኋላ ድምፁ ካልቆመ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ጤናውን ይዩ። ቢጫ ሆኖ «ኮሽን» ካለ ያንኑ ዕለት የቤተሰቡን ቪዲዮ ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ። ፊልም እንደገና ይገኛል፤ የእናትዎ ድምፅ ያለበት ቪዲዮ ግን አይገኝም።

የአማርኛ ሰብታይትል ለብቻው ሊነገርለት ይገባል፤ ፊደላችን ስለሚበላሽበት መንገድ በአማርኛ የተጻፈ ማብራሪያ ጥቂት ነው። ሦስት ዓይነት ብልሽት አለ፣ ሦስቱም ይለያያሉ። ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ከታዩ ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ ቲቪው የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ብቻ ነው። ላፕቶፑ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት ጭነው ጄሊፊን ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሞ እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል። ይህ ትራንስኮዲንግ ስለሆነ ደካማ ማሽን ላይ በ4ኬ አይሞከር፤ በ1080 ይበቃል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ግን ጽሑፉ ጠፍቷል። በድሮ ኖትፓድ አንሲ በተባለው አቀማመጥ ሲቀመጥ ፊደሉ በጥያቄ ምልክት ተተክቷልና ከዋናው እንጂ ከዚያ ፋይል አይመለስም። ሦስተኛው ጭረትና ነጥብ ያለባቸው የላቲን ፊደላት የተደበላለቁበት ነው፤ ይህ ይድናል። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ ተቀምጦ ሳለ አጫዋቹ በሌላ ኮድ ስላነበበው ነው፤ አጫዋቹ ላይ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን መምረጥ በቂ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በድሮ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ውስጡ የላቲን ኮድ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ሌላም ጥቆማ፦ ከዲቪዲና ከብሉሬይ የወጡ ሰብታይትሎች ጽሑፍ ሳይሆኑ ሥዕል ናቸው። አንድ ፊልም ሰብታይትል ሲበራ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ መንስኤው ይህ ነው፤ ኤስአርቲ የሚባለውን የጽሑፍ ሰብታይትል ፋይል ከጎኑ ሲያስቀምጡለት ይስተካከላል።

የቪኤችኤስና የሚኒ ዲቪ ካሴቶችን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገለብጡ ቤተሰቦችም አሉ። የእኛ አገር ካሴት በፓል ሥርዓት የተቀረጸ ነው፤ 576 መስመር፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ እያንዳንዱ ፍሬም ደግሞ ሁለት ግማሽ። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚሆነው ሁለቱ ግማሾች ሳይዋሃዱ ስለሚታዩ ነው። ሃንድብሬክ ፊልተሮች ውስጥ «ዲኢንተርሌስ» አለ፤ «ቦብ» የሚለውን ከመረጡ 50 ፍሬም ሆኖ ጭፈራው ለስላሳ ይወጣል። መጠኑን ወደ 1080 ማሳደግ አያስፈልግም፤ ያልነበረ ዝርዝር አይመጣም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ አንድሮይድ ቦክሱ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል ማደስ) ላይ ከተቀመጠ የ25 እና የ50 ፍሬም ቪዲዮ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር እየዘለለ ይሄዳል። ኮዲ ላይ «አድጀስት ዲስፕሌይ ሪፍሬሽ ሬት» የሚለውን ማብራት፣ ያ ካልተቻለ ቦክሱን 50 ኸርዝ ላይ ማድረግ ነው።

ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያሉ ልጆች የቤቱን ቪዲዮ ከዚህ ሆኖ እንዲደርሳቸው ከተፈለገ፣ ኢንተርኔት ወደ ጨዋታው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ወሳኙም የአዲስ አበባው ቤት ወደ ውጭ የሚልክበት ፍጥነት እንጂ የእነሱ አይደለም። ጄሊፊን ላይ ከውጭ ለሚያይ ሰው ገደብ አለ፤ 3 ሜጋቢት ያድርጉት። እኔ ግን በቀጥታ ከማሳየት ይልቅ ፋይሉን በ4 ሜጋቢት ቀይሮ ሌሊት መላክን እመርጣለሁ። የ1 ሰዓት ቪዲዮ 1.8 ጊጋ ይሆናል፤ ቢቋረጥም ከቆመበት በሚቀጥል መላኪያ ከላኩት ጠዋት ደርሶ ይገኛል። እዚያ ያሉትም ሳይቆራረጥባቸው አብረው ያያሉ።

ወደ ስቱዲዮዎች ጥያቄዬ ልምጣ። ካሜራችሁ፣ መብራታችሁ፣ ድካማችሁ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚለካው ቤተሰቡ ሳሎን ቁጭ ብሎ ሲያይ ነው። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ስጡ። አንዱ ማኅደር ነው፤ በከፍተኛ ጥራት ያወጣችሁት ለዘለቄታ የሚቀመጥ። ሁለተኛው የሚታይ ቅጂ ነው፤ ኤምፒ4፣ ኤች.264፣ 8 ቢት፣ 1080፣ 12 ሜጋቢት፣ ድምፁ ኤኤሲ፣ ፍሬሙ በካሜራው እንደተቀረጸው 25 ወይም 50። 1 ሰዓቱ 5.4 ጊጋ ይሆናል። 4ኬ የሚፈልግ ደንበኛ ካለ ኤችኢቪሲ በ30 ሜጋቢት ስጡት፤ 13.5 ጊጋ ነው። ፋት32 ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ አንዳንድ አሮጌ ቲቪ ደግሞ ኤክስፋት አያነብም። ለዚህም መላ አለ፦ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስኩን፣ አዳራሹንና መልሱን ለየብቻ ከ4 ጊጋ በታች አድርጋችሁ ብታስቀምጡ በማንኛውም ቲቪ ይሠራል፤ ቤተሰቡም የፈለገውን ክፍል ቶሎ ያገኛል። ከማስረከባችሁ በፊት ፍላሹን ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን ሱቃችሁ ያለው ተራ ቲቪ ላይ ሰክታችሁ 5 ደቂቃ እዩት፤ ሰው የሚበዛበትን የጭፈራውን ክፍል መርጣችሁ እዩት፤ መረጃ የሚበዛው እዚያ ነው።

ሙሽሮችና ወላጆችም ውል ስትዋዋሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ «ስቱዲዮው ከዋናው ቪዲዮ በተጨማሪ በ1080፣ በኤች.264 ባለ 8 ቢት፣ ከ12 ሜጋቢት ያልበለጠ፣ ድምፁ ኤኤሲ የሆነና በቲቪ ላይ ተጫውቶ የታየ የኤምፒ4 ቅጂ ያስረክባል»።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ቪዲዮና ኔትወርክ ጥገና ባለሙያ፣
ከአዲስ አበባ